አሜን ሳይባል የማይነሣ መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ለመምህር አስማረ ሙት ዓመት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ዳሱ ከቤታቸው ደጅ ተጥሏል። ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሌላም ዝክር ስለ ነበረባቸው ቀደም ብለው ወጥተዋል። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሊነሣ ሲል የሟቹ ታናሽ ወንድም መሐል ላይ ቆመና «በሉ እንግዲህ፣ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሽ ደመላሽ ናቸው፤ እሳቸው ይመርቁንና እንነሣ» አለ። ኮፍያ ያደረገው አወለቀ፤ ጋቢ የለበሰው ትከሻው ላይ አስተካከለ። እኔ ግን ከተቀመጥሁበት ሳልነሣ «ሌላ ሰው ይመርቅ፤ እኔ አልመርቅም» አልሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ መርቅ ተብሎ እንቢ ሲል እኔም አይቼ አላውቅም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ያልሰማሁ መስሎት ጆሮዬ ላይ ጮኸልኝ። ጆሮዬስ ደኅና ነው፤ ከዕቃዬ ሁሉ ያልተበላሸ እሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሌላ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ፤ ሰዉ አሜን አለ፤ እኔም ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆማ «ምነው፣ ምን አደረጉህ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኋት። ደክሞኝ አልነበረም። ለማንም ያልነገርሁት ነገር ስለ ነበር ነው፤ ዛሬ ልጻፈው።

ነገሩን ለመናገር ከላንድሮቨሬ መጀመር አለብኝ። አሁን ጓሮዬ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ዶሮ የሚያድርባትን ይህችን አሮጌ መኪና በዚያ ዘመን የደብረ ታቦር ሰው በድምጿ ይለያት ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ስትሸጥ የአባቴን ጥንድ በሬዎችና የራሴን በቅሎ ሸጬ ነው የገዛኋት። በቅሎዋን መሸጤን አባቴ እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለኝም። ቀለሟ አረንጓዴ፣ ሸራዋ የተቀደደ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ያሏት ነበረች። በገበያ ቀን እብናት እወርዳለሁ፤ በሌላው ቀን ወደ ጉና ግርጌ፣ ወደ ክምር ድንጋይና ከዚያም ወዲያ መንገድ ወደሌለበት እወጣለሁ። እብናት ሁለት ብር፣ ክምር ድንጋይ ብር ከሃምሳ ነበር። ሻይ ስሙኒ ነበር። አንድ ብር በኪሱ የያዘ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ለሲጋራ ይተርፈው ነበር። የከተማው ጎረምሳ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ሱሪውን ከታች አስፍቶ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ ይንጎራደዳል፤ ያውም በደብረ ታቦር ብርድ። ማታ ማታ እናቱ ጤና አዳም ስታፈላለት ታድራለች ብለን እንስቅበት ነበር። የጉና ሰው ግን ባናውን ደርቦ ነው የሚመጣው። ዝናብ ሲነካው የበግ ፀጉሩ ሽታ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ መኪናውን ይሞላዋል። ያ ሽታ ዛሬም በክረምት ሚኒባስ ውስጥ በድንገት ሲመጣብኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። አንዲት ካሴት ነበረችኝ፤ መሲንቆ መቺ ስለ ጉና ብርድና ጥላው ስለ ሄደች ልጅ የሚያዜምባት። ስትጠላለፍ በእስክሪብቶ እየጠቀለልሁ አስተካክላታለሁ። ተሳፋሪው በቃሉ ስለሚያውቃት ቴፑ ቢቆምም ኋላ ያሉት ሴቶች ዘፈኑን ይጨርሱት ነበር።

አንድ ሥርዓትም ነበረን። መኪናዋ ሞልታ፣ ጭነቱ ከላይ ታስሮ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ሞተር አላስነሣም። መጀመሪያ ከተሳፋሪው በዕድሜ የገፋው ይመርቃል። «በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፤ ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ይላል፤ ሁሉም አሜን ይላል፤ ቁልፉን የማዞረው ያን ጊዜ ነው። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም። መንገዱ መንገድ ስላልነበረ ይመስለኛል። በክረምት ጭቃው መሪውን ከእጄ ይነጥቀኛል፤ በበጋ አቧራው ፊት ያለውን ገደል ይጋርደዋል። አሜን ያላለ ሰው ካለ በመስታወቱ አየዋለሁ። ዞር ብዬ «አንድ አሜን ጎድሏል፤ ሳይሞላ አንሄድም» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፤ የጎደለው አሜን ይመጣል። ቀልድ ይመስል ነበር እንጂ ቀልድ አልነበረም። ቁልፉን ይዤ አንዳንዴ ረዘም ያለ ጊዜ ጠብቄያለሁ፤ አሜን ሳይሞላ ያስነሣሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

አስማረ መጀመሪያ የተሳፈረኝ ለክምር ድንጋይ ትምህርት ቤት ተመድቦ ሊሄድ ነው። ቀጭን፣ ቡናማ ኮቱ እጅጌው የረዘመበት፣ መጻሕፍት በጆንያ የያዘ ልጅ እግር መምህር ነበር። የተወለደው እዚያው ጉና ግርጌ ነው፤ ተምሮ ነው የተመለሰው። መምህር ይከበር ስለ ነበር ጋቢና አስቀመጥሁት። አንዲት አሮጊት መረቁ፤ ሰዉ አሜን አለ፤ እሱ ዝም። ቁልፉን ይዤ አየሁት። «መምህር፣ አሜን ይበሉ እንጂ» አልሁት። እሱም እንደ ተማረ ሰው ፈገግ ብሎ በፍሬን ነው የማምነው አለኝ። እንግዲያው በእግርዎ ቢሄዱ ይሻላል፣ ፍሬኑን እኔም አላምነውም አልሁት። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ስቆ አሜን አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሁሉ ቀድሞ አሜን የሚለው እሱ ሆነ። ዓመታት ጋቢና አጠገቤ ተቀምጦ ተመላልሷል። ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ ለተሳፋሪው አቤቱታ ይጽፋል፤ መሬቱ ለተወሰደበት፣ ልጁ ለጠፋበት፣ ግብር ሁለት ጊዜ ለተጠየቀ። መኪናዋ ስትነጥር ጽሑፉ ይበላሽበታል፤ ቀስ በል ብሎ ይቆጣኛል። አንድ ክረምት ደግሞ እናቱን ምጥ ይዟቸው፣ ታናሽ ወንድሙን ሊወልዱ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨነቁ ቆይተው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲመጡ መንገድ ላይ አገኘናቸው። ከቃሬዛው አውርደን እላንድሮቨሯ ላይ አስተኛናቸውና ወደ ከተማ ሐኪም ቤት አዞርሁ። ተሳፋሪው ሁሉ ያለ አንዳች ቃል ወርዶ በዝናብ ውስጥ በእግሩ ቀረ። እናትም ልጅም ዳኑ። ባለፈው ቅዳሜ መርቁን ያለኝ ያ ልጅ ነው።

ዛሬ ያ ቆሜ ተሳፋሪ እጠራበት የነበረው ጥግ ኮብልስቶን ለብሷል። ባጃጁ ይርመሰመሳል፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች የልብስና የሞባይል ሱቅ ከፍተውበታል። አንዷ፣ አባቷን በሙሽርነቱ ያመላለስሁት፣ ባየችኝ ቁጥር ወንበር ታወጣልኛለች። ሚኒባሱ ሲሞላ ወዲያው ይፈተለካል። መስታወቱ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ተለጥፏል፤ የሚመርቅ ግን የለም፤ ሽማግሌውም ቢሆን ስልኩን ነው የሚያየው። እኔ በዕድሜዬ እየገፋሁ ስሄድ መራቂነቱ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። በመናኸሪያው አዲስ መኪና ሲገባ፣ ሹፌር ሲያገባ፣ ማኅበር ሲጠጣ ጋሽ ደመላሽ ይመርቁ ይባላል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሰው ሁሉ ቆሞ የአፌን ሲጠብቅ ወጣት የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አስማረ ውሎ አድሮ ለምክር ቤት ተወዳደረ። በተቃዋሚ ወገን ነበር። ሰዉ የመረጠው ፓርቲውን አውቆ አልነበረም፤ አቤቱታ የጻፈለትን ሰው አልረሳም እንጂ። ምክር ቤቱ ውስጥ እንደ እሱ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኮቱ ልኩ ሆነ፤ ክራቫትም አሰረ። ያኔ ነው አዲስ አዋጅ ሊወጣ ነው የተባለው። ለተሽከርካሪ ሁሉ አዲስ ዓመታዊ ታክስ፣ ለቦሎ አዲስ ክፍያ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር የሚጨምር። ቦሎ ማለት በየዓመቱ መኪናው ተመርምሮ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ መንገድ መውጣት አይቻልም። አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ አደጋ ያበዛል አሉ። ውሸት ነው አልልም። ግን አዲስ መኪና ያለው ሰው ወደ ጉና ግርጌ አያወጣውም። እዚያ የሚወጣው እንደ እኔዋ ያለ፣ ቢጎዳ የማያሳዝን አሮጌ ብቻ ነው። በአዲሱ ስሌት ደግሞ የእኔዋ ላንድሮቨር በዓመት የምታስገባው ከምትከፍለው አይበልጥም ነበር።

አስማረ ሊጠይቀን መጣ። መናኸሪያው ሻይ ቤት ከሹፌሮች ጋር ግማሽ ቀን ተቀምጦ የሁሉንም ብሶት ጻፈ። ከዚያ ከእኔ ጋር ወጣና እንደ ልማዱ ላንድሮቨሯን ከፍቶ ጋቢና ገባ። ወንበሩ ላይ ትንሽ ተደላድሎ፣ ይኼ ነገር ቢጸድቅ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ። አቆማታለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ አልሁት። ከክምር ድንጋይ ወዲያ ያለው ሰውስ አለኝ። በእግሩ ነዋ፣ የታመመውም በቃሬዛ፣ ይህን ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል አልሁት። መስታወቱ ላይ በየዓመቱ የተለጣጠፉትን ቦሎዎች ሲያይ ቆየ።

«ጋሽ ደመላሽ፣ እዚያ ቤት ስም የሌለውን ነገር ማንም አይሰማም» አለ በመጨረሻ። «የደብረ ታቦሩን ሹፌር ደመላሽን ጠይቋቸው ልበል? በስምዎ ልናገር?»

«ጥራው» አልሁት። «ስሜን ጥራው። ቃሌን አላጥፍም።»

ሲወርድ አንገቱን ደፋልኝ። ያሰብኸውን ያሳካልህ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብዬ መረቅሁት። አሜን ብሎ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጥሪ ደብዳቤ ደረሰን። በረቂቁ ላይ ከባለንብረቶችና ከሹፌሮች ጋር ውይይት ይደረጋል ይላል። አዳራሹ ውስጥ ባነር ተሰቅሏል፤ በየወንበሩ የታሸገ ውኃና ወረቀት ያለበት ቦርሳ ተቀምጧል። በር ላይ ስማችንን ጽፈን ፈረምን። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ትሑት፣ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ይህን ማለት አለብኝ፤ ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ሹፌሮቹ ተራ በተራ ተነሥተው ብሶታቸውን ተናገሩ። አንዱ እንዲያውም የመኪናውን ሊብሬ ከኪሱ አውጥቶ ውሰዱት ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ሰዉ ሳቀ፤ መልሶ ወሰደው። እኔ ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ። ሦስት ጊዜም ሰብሳቢው በዓይኑ አይቶኝ አለፈ። በመጨረሻ ጊዜው ስላጠረን አለና ከወረቀት ላይ የመድረኩን ማጠቃለያ አነበበ። በፍጥነት ነው ያነበበው፤ ተሳታፊው ረቂቁን በበጎ ተመልክቶታል የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር መሐሉ ላይ ነበረች። አጨበጨብን። ያጨበጨብነው ስብሰባው በማለቁ ነበር። እኛ ዘንድ ማጠቃለያ ተነቦ የማያጨበጭብ ሰው የለም።

ለመነሣት ወንበር ስናንኳኳ ከእንግዶቹ ትልቁ፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰው፣ ከመድረኩ ወርዶ በመተላለፊያው በኩል በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከፊቴ ቆሞ እጅ ነሣ።

«አባታችን፣ እንግዶች ነን» አለ። «ሳይመርቁን አይሸኙን።»

ተነሣሁ። ብዙ ጊዜ ስለዚያች ቅጽበት ሳስብ አንድ ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር እላለሁ። ልናገር ብዬ እጄን ሳወጣ አልፋችሁኝ አሁን ምርቃት ትሻላችሁ ወይ ማለት እችል ነበር። ግን እንግዳ አንገቱን ደፍቶ ከፊቱ ሲቆም እንዲህ የሚል ሽማግሌ እኛ አገር አልተወለደም። ደግሞም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ የአፌን ይጠብቃል። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፤ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ፤ ከክፉ ይሰውራችሁ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አልሁ። አሜን ተባለ፤ ከሹፌሮቹም፣ ከእንግዶቹም። ካሜራ የያዘ ሰው ከጎን ቆሞ ነበር። ከአዳራሹ ስንወጣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጠጋ ብሎ «ጋሽ ደመላሽ፣ መረቋቸው እኮ» አለኝ። እንግዳ አይደሉም ወይ አልሁት። እሱም እውነትዎን ነው ብሎ ተወው።

ረቂቁ ለምክር ቤት የቀረበ ቀን ሻይ ቤቱ በሹፌር ተጨናንቆ ነበር። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔን ከፊት አስቀመጡኝ፤ ስሜ እንደሚጠራ ሁሉም ሰምቷል። ጥሩወርቅ የዓመት በዓል ኮቴን አልብሳኝ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ እኔን የሚያየኝ ይመስል። አስማረ ተነሣ። ከስቶ ነበር። ድምፁ ግን ያው የክፍል ድምፁ ነው።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አለ፣ «እኔ መኪና የለኝም። ደብረ ታቦር ላይ ግን ደመላሽ የሚባሉ ሹፌር አሉ። እናቴን ከቃሬዛ አውርደው ሐኪም ቤት ያደረሱ እሳቸው ናቸው። ይህ ክፍያ ሲጸድቅ የሳቸው መኪና ይቆማል፤ የእኔ አገር ሰውም ወደ ቃሬዛው ይመለሳል። እኔን አትመኑኝ። ሄዳችሁ እሳቸውን ጠይቋቸው።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሁለቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የረቂቁ አስረጂ ተነሣ። ያ ግራጫ ሱፍ የለበሰው ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም። የተከበሩት አባል የጠቀሷቸው አባት በደብረ ታቦሩ መድረክ ላይ ተገኝተዋል፣ ስማቸውም ፊርማቸውም አለን አለ። ቀጥሎ «ጠይቁ ላሉን፣ ጠይቀናል» አለ። «ተነሥተው መርቀውናል። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ ብለውናል። ምስሉም በእጃችን ነው።» አዳራሹ ሳቀ። አስማረ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ጫፍ ጠረገው። እጁን አውጥቶ ሊናገር ሲል ጊዜዎን ጨርሰዋል ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ ለመቃወም ሦስት እጅ ወጣ። ቆጥረው ከጨረሱም በኋላ የሱ እጅ እንደ ወጣ ነበር፤ ካሜራው እስኪዞር ድረስ አላወረደውም።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ማንም አልሰደበኝም። ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን አጠፋው፤ ሰው አንድ አንድ እያለ ወጣ። አንዱ እየወጣ የሻዬን ሒሳብ ከፈለልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ የመረቅሁት ሰዎቹን እንጂ ወረቀታቸውን አይደለም እያልሁ ለራሴ እከራከር ነበር። ለጥሩወርቅም እንዲሁ አልኋት። እሷም «ታዲያ ይህን ለምን ሄደህ ለእሱ አትነግረውም?» አለችኝ።

የሚቀጥለው ቦሎ ሲደርስ ላንድሮቨሯን ጓሮ አስገብቼ አቆምኋት። የሌሎችም እንዲሁ ቆሙ። አንዳንዶቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ ተቆራርጠው በትልቅ መኪና ሲጫኑ ቆሜ አይቻለሁ። ከከተማችን አጠገብ ያለው ጋፋት ድሮ ብረት ይቀለጥበት የነበረ ቦታ ነው ሲሉን ነው ያደግነው፤ የእኛ ብረት ግን ከጋፋት ሥር አልፎ የት እንደሚቀልጥ እንኳ አናውቅም። የእኔዋን መሸጥ አቃተኝ። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ረፋድ ላይ ከገበያው በላይ ቆሜ ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ሲወርዱ አየሁ። ባናቸው በዝናብ ርሷል፤ ሽታው ካለሁበት ደረሰኝ። ቃሬዛው ላይ የተኛችው ሴት ፊቷ ተሸፍኗል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የድሮ ተሳፋሪዬ ነበር። ትከሻው ጎብጦ፣ ሸክሙ እንደተጫነው፣ ቀና ብሎ «ጋሽ ደመላሽ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ። ሴትዮዋ ትዳን አትዳን ሳልጠይቅ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

አስማረ በሚቀጥለው ዙር አልተመረጠም። ደብረ ታቦር ተመልሶ በግል ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሸሸሁት። ከፖስታ ቤቱ በኩል ሲመጣ ካየሁ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ እታጠፋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በከዘራ፣ እንደ ተበዳሪ ተደበቅሁ። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጣ፤ የለም በይው አልኋት ጥሩወርቅን። እሷ ደግሞ መዋሸት አይሆንላትም፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ በር ላይ ትንሽ ቆሞ ሄደ። በመስኮቱ ጀርባውን አየሁት። ያ ቡናማ ኮቱ ይመስለኛል፤ እጅጌው እንደገና ረዝሞበት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ታሟል የሚል ወሬ ሰማሁ። ነገ እሄዳለሁ እያልሁ ስንት ነገ አሳለፍሁ። በኋላ ሚስቱ እሷው ራሷ መጣችና ይምጡልኝ ብሏል አለችኝ።

ስገባ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰውነቱ አልቋል። ሚስቱ ወንበር አቅርባልኝ ወጣች። ከዚያ እንደ ድሮው ፈገግ ብሎ መናገር ጀመረ።

«ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሆኜ ምን እንዳሰብሁ ያውቃሉ? እንግዳ ሆነው መርቁን ካሏቸው እኔም ብሆን እመርቅ ነበር አልሁ። ይህንኑ ልመልስላቸው ነበር። ጊዜህ አልቋል አሉኝ።»

«አፍሬ ነው የጠፋሁት» አልሁት።

«አውቃለሁ። ቤትዎም መጥቼ ነበር።» ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። «አሁን ግን ይመርቁኝ፣ ጋሽ ደመላሽ። መንገድ ሊሆንብኝ ነው መሰል።»

አንገቱን ደፋ። እጄን አነሣሁ፤ ፀጉሩን ነካሁት፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ሳስቷል። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። በዚያ አዳራሽ ያወጣሁትን ያንኑ ቃል፣ ያንኑ «ያሰብኸውን ያሳካልህ» ለእሱ እንዴት ልበለው? ያሰበውን ያከሸፍሁበት እኔ ነኝ። «የኔ ምርቃት ለማን በጀ፣ ልጄ፤ ይቅርብህ» አልሁት። አንገቱን እንደ ደፋ ጠበቀኝ። ረጅም ጊዜ ጠበቀኝ። እኔ ቁልፍ ይዤ የጎደለ አሜን እንደምጠብቅ፣ እሱ አሜኑን ይዞ ምርቃቱን ጠበቀ። ከዚያ ቀና አለና «ይሁን፤ ሌላ ቀን» አለ። ስለ ድንች ዋጋና ስለ ክምር ድንጋይ አዲስ መንገድ ትንሽ አወራን። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የዕድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ስሙን ሳይጠሩ አወቅሁ።

በዚያ አዳራሽ የሠራሁትን ስሕተት እሱ ይቅር ብሎኛል። ቤቱ ውስጥ የሠራሁትን ግን ይቅር የሚለኝ ሰው የለም፤ ያን ሊለኝ የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ለማላውቃቸው እንግዶች ያልነፈግሁትን ለእሱ ነፈግሁት። ከዚያ ወዲህ ማንንም መርቄ አላውቅም። የልጅ ልጄ ስታገባ እንኳ አሞኛል ብዬ ተኛሁ። ሰው ኩራት ይመስለዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሙት ዓመቱ ተመልሼ፣ ጥሩወርቅን ደክሞኝ ነው ብዬ በጓሮ በኩል ዞርሁ። የላንድሮቨሯን በር ስከፍተው ሁለት ዶሮዎች ወጡ። ከመሪው ኋላ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ የድሮዎቹ ቦሎዎች ፀሐይ አደብዝዟቸው አንዱ በአንዱ ላይ ተለጥፈዋል። ጋቢናው ወንበር ላይ ሽቦው ወጥቷል፤ ጎድጉዶ የቀረው ግን እሱ ይቀመጥበት በነበረው በኩል ነው። ገለባውን በእጄ ጠረግሁለት። ቁልፏ እስካሁን ከቤቴ ቁልፍ ጋር ታስራ ኪሴ ውስጥ ናት፤ አውጥቼ ሰካኋት። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «በሰላም ግባ፣ መምህር» አልሁ። «ከክፉ ነገር ይሰውርህ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።» ከዚያ እንደ ድሮው፣ እጄን ከቁልፉ ሳላነሣ፣ አሜን እስኪል ጠበቅሁ።